አርባ አንድ «ጠፋ»

በውሃ ቢሮው ውስጥ ከሚነገሩት ቀልዶች ሁሉ የቆየው ይህ ነው፦ ሦስት ሃይድሮሎጂስት ኮረብታ ላይ አቁመህ «ዝናቡ ወዴት ይሄዳል?» ብትላቸው አራት ቀስት ይስሉልሃል፤ አራተኛው ቀስት በመሃል ሐሳቡን የቀየረው ሰውዬ ነው። እነዚያን ቀስቶች በቀለም ስታስተካክል የኖረችው ሴት ስሟ ከመታወቂያዋ በቀር የትም አይነሳም። እኩዮቿ «ቀስት» ይሏታል፤ ታናናሾቿ «እትዬ ቀስት»።

ሥራ የጀመረችው በነዳፊነት ነው። ሁለት ዓመት የሙያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ። ባለሙያዎቹ ከመስክ ሲመለሱ በደብተር ቅዳጅ ላይ የሞነጫጨሩትን ያመጡላታል፤ ኮረብታ፣ ወንዝ፣ ቀስት፣ አንዳንዴም የሻይ ጠብታ። እሷ ብርሃን በሚያሳልፍ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ታወጣዋለች። ወፍራም ቀስት በገጽ የሚሮጥ ጎርፍ ነው። ቀጭን ቀስት አፈር ውስጥ የሚሰርግ ነው። ቁርጥርጥ ቀስት «ይመስለናል» ማለት ነው። ስህተት ሲኖር ምላጭ አለ፤ ቀለሙን ከወረቀቱ ፋቅ ፋቅ ማድረግ፣ ቦታውን በጥፍር ማለስለስ፣ እንደገና መሳል። እጇ ቀጥ ያለ ስለነበር አለቆቹ «የቀስት መስመር ውሃ ልክ ነው» ይሉ ነበር።

ኋላ ኮምፒውተር መጣ። ዘንበል ያለውን ጠረጴዛ አራት ሰው ተሸክሞ አወጣው፤ እሷ ማንም ሳይሸከማት በእግሯ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ መዝገብ ቤት። ጣራው ላይ የሚያልብ ቧንቧ አለ። ግድግዳው አናት ላይ ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነች አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በዚያች በኩል የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቀስት የቢሮውን ሠራተኛ ሁሉ በጫማው ለየችው። ማን እንዳረፈደ፣ ማን ከማን ጋር ምሳ እንደሚወጣ፣ የማን ሶል እንዳለቀ ታውቃለች፤ ለማንም አትናገርም።

አንድ ቀን ነጭ ሸራ ጫማ ከአረንጓዴ ማሰሪያ ጋር በመስኮቱ አለፈ፤ ወዲያው በደረጃው ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። አዲሷ አስተባባሪ ነበረች፤ ስትራመድ እንደምትሮጥ፣ ስታወራም እንደምትራመድ ዓይነት ወጣት ሃይድሮሎጂስት።

«እትዬ፣ ወንዝ ስንት ሊትር እንደሚፈስ የሚያሳይ ቁጥር በያገሩ ሞልቷል» አለቻት። «ባለሙያው ውሃው ለምን እንደዚያ እንደሚፈስ ምን እንደሚያስብ ግን የትም አልተሰበሰበም። ጡረታ የወጣ ሁሉ ጭንቅላቱን ይዞት ይሄዳል።»

«ታዲያ ትቶልሽ እንዲሄድ ፈልገሽ ነበር?»

«ግልባጩን እንኳ!»

ሥራው እንዲህ ነው። በተለያየ አገር ያሉ ሰባት ቢሮዎች አንድ የጋራ የመረጃ ቋት ሊሠሩ ተስማምተዋል። እያንዳንዱ ቢሮ የባለሙያዎቹን ሥዕል፣ የመስክ ደብተርና ዘገባ እየፈተሸ ስለ ተፋሰሱ የሚያስቡትን በረድፍ በረድፍ ያስገባል፤ የትኛው ተፋሰስ፣ የኮረብታው የትኛው ክፍል፣ ውሃው እዚያ ምን እንደሚሆን፣ በየትኛው ወቅት፣ ማን እንዳለው፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ። አሥራ ሁለት አምድ። የድሮ ቀስት አይቶ ወደ ረድፍ የሚለውጥ ሰው ሲፈለግ ከቀስት ሌላ የሚያውቅ አልተገኘም።

በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ረድፍ አስገባች። የገረማት ነገር ቢኖር በጣም የሚጣሉት ባለሙያዎች ቀስታቸው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ነገሩ የከበደው የከተማው የቆሻሻ አወጋገድ ኮሚቴ ሲመጣ ነው። የድሮው መጣያ ሞልቷል። ኮሚቴው ከከተማው በላይ ያለውን ደረቅ ጎድጓዳ መረጠ፤ ሰው አይኖርበትም፣ መኪና ይደርስበታል። አንድ ነገር ብቻ አሳሰባቸው፤ ከተራራው የሚወርድ ትንሽ ወንዝ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም። «ውሃው ወዴት ይሄዳል?» ብለው ለቢሮው ጻፉ። ቢሮው ከአዲሱ ቋት አራት ረድፍ አትሞ ላከ። አራቱም ረድፎች ከአንድ ሰው ደብተር የተወሰዱ ናቸው፤ አራቱም «ይተናል» ይላሉ። ውሃው ከተነነ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። በመሬት ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ከሆነ ግን ታች አንድ ምንጭ አለ፤ በሲሚንቶ የታጠረ፣ አራት ቧንቧ ያለው። ታች ሰፈር የሚጠጣው እሱን ነው። የቀስት ታናሽ እህት ፀጉር ቤትም እዚያው ነው፤ ደንበኛ የምታጥበው በዚያ ውሃ ነው።

ኮሚቴው የሚወስነው ሐሙስ ጠዋት ነበር።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቀስት ዳቦዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ እህቷ ደወለች።

«አንቺ! ጠፋሽ እኮ! ሦስት ሳምንት ሙሉ! ከሞትሽ ንገሪኝና ልመደው።»

«አለሁ እባክሽ። ጠፋሁ እንጂ አልሞትኩም። ከመሬት በታች ነኝ፤ ላይ ላዩን ስትፈልጊኝ የት ታዪኛለሽ?»

«ውጪና ታዪ እንግዲህ!»

«እወጣለሁ። እሁድ፣ በእናንተ በኩል።»

እህቷ ስቃ ዘጋች። ቀስትም ሳቀች። ከዚያ ዳቦው ወደ አፏ ሳይደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ጠፋሁ እንጂ አልሞትኩም።

ዳቦውን አስቀምጣ የጋሼ ቦቲን ደብተር ከመደርደሪያው አወረደች። ጋሼ ቦቲ ጡረታ ከወጡት የቢሮው ሃይድሮሎጂስቶች ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ በስብሰባም በሠርግም ቦት ጫማ ስለሚያደርጉ ነው ስሙ የወጣላቸው። ብዙም አይስሉም ነበር፤ ይጽፋሉ። ስለ ጎድጓዳው የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ከላይ የመጣው ወንዝ ጎድጓዳው ገብቶ ጠፋ።»

ትዝ አላት። በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በሠንጠረዡ ምርጫዎች ውስጥ «ጠፋ» የሚል የለም። በቢሮው ዘገባዎች «የጠፋ ውሃ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማይ የሄደው ነው። አንድ በአንድ ከመለወጥ ይቀላል ብላ «ፈልግና ተካ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች፤ «ጠፋ» ሁሉ «ይተናል» ሆነ። ኮምፒውተሩ «41 ተተክተዋል» አለ። በወቅቱ ብልሃቷ አስደስቷት ነበር።

አሁን ገጽ ገለጠች። ገጽ አሥራ ሰባት፦ «የከብቶቹ ኩሬ ተነነ።» ገጽ ሃያ ሦስት፦ «ረግረጉ በአሥር ቀን ተነነ።» ቆጠረች፤ ዘጠኝ ቦታ። ሰውዬው «ተነነ» የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ ሲፈልጉ ጽፈውታል። «ጠፋ» ሲሉ ሌላ ነገር ማለታቸው ነበር።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች፤ በአምሳ አራት ዓመቷ።

«አርባ አንድ ረድፍ አበላሽቻለሁ» አለች አስተባባሪዋ ጠረጴዛ ፊት ቆማ። «አራቱ የጎድጓዳው ናቸው።»

አስተባባሪዋ አላጉረመረመችም፤ ደብተሩን ተቀብላ ሁለቱን ገጽ አየች።

«እትዬ፣ ስለገመቱ ‘ይተናል’ አልን። አሁን ስለገመቱ ‘በምንጩ ይወጣል’ ብንል ያው ነው። ‘ማን አለ’ የሚል አምድ አለን አይደል? ያለውን ሰው ይጠይቁልኝ።»

«አኩርፈውናል። ጡረታ የወጡ ዕለት ሳይነገራቸው ነው ቁም ሣጥናቸው ባዶ የተደረገው።»

«እርስዎንም?»

«እኔ ነኝ ደብተሮቹን ወደ ታች ያወረድኳቸው።»

ማታ በእራት ሰዓት ለባሏ ነገረችው። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ሃይድሮሎጂ አያውቅም፣ እጁን ሲታጠብም ጥቁሩ አይለቅም።

«እኔ ጋ ‘ብሎን ጠፋ’ ሲሉኝ» አለ እያኘከ፣ «ተነነ ብዬ አላውቅም። የጠፋ ብሎን ሁልጊዜ ሞተሩ ውስጥ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ብርቱካን ገዝታ ጋሼ ቦቲ ቤት ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው።

«ግቢ፣ ግቢ ልጄ። ወንዝ ቢያጣ የእኔን ቧንቧ እየለካ ነው።»

እውነትም ጋሼ ቦቲ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በነጠላ ጫማ፣ በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር የመስታወት መለኪያ ይዘው ቆመዋል፤ በሌላ እጃቸው ሰዓት። ቀና ብለው አዩዋት።

«ጠፋሽ!»

«ጋሼ፣ እሱኑ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«በደብተርዎ ላይ ‘ጠፋ’ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ጠፋ ማለት ጠፋ ነዋ! ከዓይኔ ጠፋ! ሞተ አልኩ?»

«እኛ . . . እኔ፣ ‘ተነነ’ ብዬ አስገብቼዋለሁ።»

መለኪያውን አስቀመጡት። «ተነነ?! ሴትዮ፣ የተነነውን ተነነ ብዬ ጽፌያለሁ። የሰረገውን ሰረገ ብያለሁ፤ ሲሰርግ ስላየሁት። ጠፋ የምለው ሲገባ አይቼ ሲወጣ ያላየሁትን ነው። ሌባ ሮጦ ሰው ግቢ ገብቶ ጠፋ ቢሉሽ፣ ተነነ ብለሽ ልትመለሺ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ላይ አትጩህ» አሉ ባለቤታቸው።

«እንግዳ አይደለችም፤ ቀስት ናት!»

ቀስት ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ የመጣችበትን ጠየቀች፤ የጎድጓዳውን፣ የኮሚቴውን፣ ነገ ጠዋት የሚሆነውን። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ።

«በምንጩ እንደሚወጣ ያኔም ይመስለኝ ነበር። ቁርጥርጥ ቀስት እንዲሳልበት አድርጌ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃ ‘ያላየነውን አንስልም’ ብሎ አስፋቀው።»

«ማንን?»

«ማንን ትያለሽ! አንቺ ነሽ የሳልሽው፤ አንቺው ነሽ የፋቅሽው!»

ቀስት ምንም ትዝ አላላትም። «ፋቂ ያሉኝን ሁሉ ባስታውስ ኖሮ እብድ ነበርኩ፣ ጋሼ። ዛሬ ይህንኑ ቃልዎን ቢጽፉልኝስ?»

«እጽፋለሁ። ግን ‘ሽማግሌው ጃጀ’ ይላሉ። ወረቀቱን ፈልጊው። ምላጭ ቀለም ይፍቃል እንጂ ጠባሳውን አይፍቅም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ታክሲ ይዛ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰች።

ንድፎቹ በቆርቆሮ ቱቦ ተጠቅልለው በዓመት ተደርድረዋል፤ ከሦስት መቶ በላይ ቱቦ። የራሷ አደራደር ስለሆነ የጎድጓዳው ዓመት ወዲያው ተገኘ፤ ቱቦው ውስጥ ግን የድልድይ ንድፍ ነው ያለው። ክዳን ተቀያይሯል። በአሥራ አራተኛው ቱቦ አገኘችው። የተጠቀለለውን ወረቀት ዘርግታ አየችው፤ ኮረብታ፣ ጎድጓዳ፣ ወንዝ። ሌላ ምንም የለም። ወንበር ላይ ወጥታ ወረቀቱን በጠባቧ መስኮት ላይ ለጠፈችው። ጫማዎች ከጀርባው አለፉ፤ ብርሃን መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

ምላጭ የነካው ወረቀት ደመናማ ይሆናል። ደመናው ከጎድጓዳው ሥር ይጀምራል፤ በኮረብታው ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ አሥራ አንድ ቁራጭ፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያለ፤ ጫፉ ምንጩ ላይ ያርፋል። የራሷ እጅ ነው። ከሥሩ በጋሼ ቦቲ እርሳስ፣ ማንም ሊፍቀው ያላሰበው ትንሽ ጽሑፍ አለ፦ «ላይ ከዘነበ በአራተኛው ቀን ምንጩ ይደፈርሳል።»

«ተመስገን» አለች ጮክ ብላ፣ ለብቻዋ፣ ወንበር ላይ ቆማ።

አስተባባሪዋ ወርዳ ስታየው በስልኳ ሰባት ጊዜ ፎቶ አነሳችው። «‘እርግጠኝነት’ የሚለው አምድ ላይ ምን እንበል?»

«ቁርጥርጥ» አለች ቀስት። «ይመስለናል። ከዚያ በላይ አልተባለም፤ ከዚያም በታች አልተባለም።»

ከሰዓት በኋላ አርባ አንዱን ረድፍ አንድ በአንድ አረሙ፤ «ፈልግና ተካ» የሚለውን ማንም አልነካውም። ጋሼ ቦቲ በስልክ፣ ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ እያንዳንዱን መለሱ። የስምንቱን መውጫ ኋላ ደርሰውበታል፤ ያውቁታል። ሃያ ዘጠኙ ገብተው ሲወጡ አልታዩም፤ የጎድጓዳው አራቱ ከነዚህ ናቸው፣ ‘ይመስለናል’ የሚል ተጨምሮባቸው። የቀሩትን አራቱን «የት ቦታ እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ፤ ረሳሁ ብላችሁ ጻፉ» አሉ። ተጻፈ። አስተባባሪዋ በሠንጠረዡ ምርጫዎች ላይ አዲስ አንድ ጨመረች፦ «ጠፋ፤ ገባ፣ ሲወጣ አልታየም።» ለስድስቱም ቢሮዎች ስትልክ አንደኛው ወዲያው መለሰ፤ እኛም እንዲህ ያለ ቃል አለን፣ የት እንደምናስገባው ቸግሮን ስልሳ ረድፍ ይዘን ቁጭ ብለናል ይላል።

ሐሙስ ጠዋት አስተባባሪዋ የታረመውን አትማ፣ ትሬሲንጉን ጠቅልላ ኮሚቴው ዘንድ ሄደች። ቀስት መዝገብ ቤት ቀረች። ፋይል ልትደረድር ሞከረች፤ አንዱን ፋይል ሦስት ጊዜ ደረደረችው። ከዚያ ትታው መስኮቱን ተመለከተች። ቡናማ ቆዳ ጫማ፤ ሒሳብ ሹሙ። ተረከዘ ሹል፤ ጸሐፊዋ። ያለቀ ሶል። ሰንደል ጫማ። አረንጓዴ ማሰሪያ የለም። ልጅቷ እየሮጠች ከመጣች መልካም ነው፣ እየተጎተተች ከመጣች አልቆልናል፤ እንዲህ ስትል ለራሷ ሕግ አወጣች።

ረፋዱ ላይ ነጩ ሸራ መጣ። አልሮጠም፣ አልተጎተተም። መስኮቱ ፊት ቆመ። ከዚያ ጉልበት ታየ፤ ከዚያ እጅ፤ ከዚያ ባለፉት ዓመታት ሁሉ በዚያች መስኮት ታይቶ የማያውቅ ነገር፣ የሰው ፊት፣ መንገዱ ላይ ተደፍቶ፣ በጎኑ። አስተባባሪዋ መስታወቱን ደበደበች።

«አቆሙት! እትዬ! ተፈትሾ እስኪታወቅ ድረስ አቁመውታል!»

ቀስት ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ቧንቧው ጣራ ላይ ጠብ አለ፤ «አንተም እንኳን ደስ አለህ» አለችው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ዝናብ ሲዘንብና ወንዙ ሲሞላ፣ ጎድጓዳው አፍ ላይ ጨው መጨመር፤ ምንጩ ላይ የውሃን ጨዋማነት የሚለካ መሣሪያ አስቀምጦ መጠበቅ። የሚደርሰው ጨው በምላስ የማይቀመስ ስለሆነ ሰውን አይጎዳም፤ ለታች ሰፈርም ተነገረ። ቅዳሜ ዘነበ። እሁድ ጠዋት ቀስት በባሏ አሮጌ ቱታ፣ ከአስተባባሪዋ ጋር ሁለት ኩንታል ጨው በባልዲ እየገለበጠች ጎድጓዳው አፍ ላይ ዋለች። ውሃው ጨዉን ይዞ ድንጋዮቹ መሃል ሲገባ አየችው። ሲገባ ብቻ።

እህቷ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች።

በተከታዩ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ልክ በአራተኛው ቀን፣ አራቱ ቧንቧዎች አጠገብ ቁጭ ብለው ሳለ የመሣሪያው ቁጥር ተነሳ። ትንሽ ዝቅ አለ። እንደገና ተነሳ፤ አልተመለሰም። አስተባባሪዋ ለኮሚቴው፣ ቀስት ለጋሼ ቦቲ ደወሉ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አሉ ሽማግሌው።

«አሁን፣ ከምሳ በፊት።»

«ፈጥኗል» አሉ፤ ከዚያ፣ «ከእንግዲህ ቁርጥርጥ አይደለም በያቸው። ሙሉ መስመር።»

ኮሚቴው ጎድጓዳውን ትቶ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረ፤ እስኪያገኝም በድሮው መጣያ ላይ ይጨቃጨቃል። እሱ የነሱ ራስ ምታት ነው። ቀስት ከምንጩ ተነስታ በጭቃ ጫማዋ መንገዱን ተሻግራ ፀጉር ቤቱ ገባች። እህቷ ማበጠሪያ ይዛ ዞረች።

«እሁድ ያልሽው ሐሙስ ሆነ? ደግሞ ምን ሆነሽ ነው፣ ጭቃ በጭቃ!»

«ዝም ብለሽ ራሴን እጠቢኝ።»

ወንበሩ ወደ ኋላ ዘነበለ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቀስት ዓይኗን ጨፈነች፤ ከሳምንት ከሁለት ቀን ወዲህ ትከሻዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ።

«የት ጠፍተሽ ነው ግን?» አለች እህቷ አረፋውን እያሸች።

«ውሃውም እኔም» አለች ቀስት፣ «እሁድ ላይ ገብተን፣ ዛሬ ገና መውጣታችን ነው።»